ጉሮሮ ላይ የቀረች ከሊማ

የካዛንቺስ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በሼህ ዓብዱልሀሚድ አዛን ነበር። ያ ድምፅ ከጠፋ አራት ወሩ። ባለቤታቸው ጀሚላ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ለሱብሂ ሲጣሩ፣ «አላሁ አክበር» ብለው «አሽሀዱ» ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸው ጥርቅም አለ። ከዚያ ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ የሚወጣ ነገር የለም። ሐኪሞች በካሜራ ሳይቀር አይተው «ምንም የለበትም» አሉ። ምንም የሌለበት ጉሮሮ እንዴት ዲዳ እንደሚሆን ግን የነገራቸው የለም። መስጂዱም ረመዳን እስኪገባ ታግሦ ሌላ ሙአዚን ሊይዝ ነው። ለሳቸው ይህ በቁም መቀበር ነበር።

ቡልጋሪያ አካባቢ በሂፕኖሲስ የሚያክም ዶክተር አጽብሃ የሚባል ሐኪም መኖሩን የሰማችው ልጃቸው ሀፊዛ ናት። ጎረቤት ወሬውን ሲሰማ «አፍዝ አደንግዝ ነው! አባትሽን ለጠንቋይ ልትሰጪ ነው?» ብሎ ተንጫጫ። ጎረቤት መቼም መድኃኒት ባይኖረው ምክር ሞልቶታል። ሼሁ ግን የፈሩት ድግምቱን አልነበረም። ፈዘው የሚናገሩትን ነበር የፈሩት።

ቢሆንም ልጃቸውን ተከትለው ሄዱ፤ ዶክተሩም ይህን ከፊታቸው ሳያነብ አልቀረም። «አባባ፣ እንቅልፍ አይደለም» አላቸው። «ሁሉንም ይሰማሉ። መናገር የማይፈልጉትን ማንም አያናግርዎትም።»

ወንበሩን ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዶክተሩ በዝግታ ከሃያ ቁልቁል ቆጠረ። ውጭ ወያላው «መስቀል ፍላወር! መስቀል ፍላወር!» ሲል ይሰማቸዋል፤ ግን ከሌላ አገር የሚጣራ መሰላቸው። እግራቸው ከበደ፣ ትንፋሻቸው ረዘመ። «ቀኝ እጅዎ እየቀለለ ነው» ሲባሉ እጃቸው ሳያዙት ከጉልበታቸው ላይ ተነሳ። የገዛ እጃቸው የሰው እጅ መሰላቸው።

«አሁን ከእኔ ጋር ይቁጠሩ።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

ድምፅ ነበር! ሙሉ ድምፅ። ጥጉ ላይ የተቀመጠችው ሀፊዛ አፏን በሻርፗ አፍና አለቀሰች። ዶክተሩ አዛን እንዲሉ ጠየቃቸው። «አላሁ አክበር» ክፍሉን ሞላው። «አሽሀዱ» ሊሉ ሲሉ ግን ጉሮሯቸው ተዘጋ፤ የተነሳው እጅም ዱብ ብሎ ወደቀ።

ዶክተሩ ቀስ ብሎ አነቃቸው። «ድምፅዎ ጤነኛ ነው አባባ። እዚያች ቃል ላይ ግን አንድ ነገር አለ። እሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ያውቁታል እንጂ! በሰፈሩ ሰው ሲያጣጥር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ስንቱን በጆሮው ከሊማን፣ የእምነቱን የምስክርነት ቃል፣ እያሰሙ ሸኝተዋል። በአዛኑ «አሽሀዱ» ተብሎ የሚመሰከረውም ያው ከሊማ ነው።

«ሀፊዛ» አሉ በሹክሹክታ፣ «እናትሽ ጆሮ ላይ ከሊማ አላልኩም።»

«ምን ማለትህ ነው አባዬ? በእጅህ ነው እኮ የሄደችው! ማለቴ… አንተው ራስህ ነህ ‹ከሊማ ብላ ሞተች› ያልከኝ። ለቀስተኛውም በቃ እሱን እያወራ ነው ያጽናናኝ።»

«ዋሸሁሽ። አንቺ መድኃኒት ልትገዢ እንደወጣሽ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ፈራሁ። በሰው ሁሉ ያልፈራሁትን በሷ ፈራሁ። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ስመለስ አልፋለች።»

ሹክሹክታው መሀል ላይ ድምፅ ሆኖ ነበር። እሳቸው ልብ አላሉትም። ዶክተሩ ግን ልብ ብሎ አንገቱን ደፋ።

ሀፊዛ ብድግ አለች። «ደጅ ሆነህ… ጠርታህ ነበር?»

ሼህ ዓብዱልሀሚድ እዚህም ላይ ሊዋሹ ይችሉ ነበር። አራት ወር የኖሩበት ነገር ነው።

«ሁለት ጊዜ» አሉ።

ሰፈሩ የናፈቀው ያ ድምፅ አንዳች ሳይጎድልበት ጥርት ብሎ ወጣ። ሀፊዛ እሱን ለማስመለስ ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም። አሁን ግን ምነው እዚያው በቀረ ብላ ተመኘች።