ጀርባዋን የሰጠች እናት

እህቴ ሠዓሊ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሆቴልና ለባንክ አበባና ሐይቅ ስትሥል፣ እኛም “ሙያ ማለት ይኼ ነው!” እያልን ስናጨበጭብላት ኖርን። ከዚያ ድንገት ትእዛዝ መቀበል አቆመች። ሁለት ዓመት በሯን ዘግታ ሠራች። ምን እየሠራሽ ነው ስላት፣ “ቆይ፣ ታዪዋለሽ” ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላለችም።

አየሁት። አውደ ርእዩ በተከፈተ ቀን አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ ባለቤቴንና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን አስከትዬ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሸራ ተሰቅሏል። በሁሉም ላይ አንዲት ሴት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። የሰማያዊ ሹራቧ የክርን ቀዳዳ በቀይ ክር ተሰፍቷል። የሰፋሁት እኔ ነኝ።

እናታችን ናት። የአራት ወር ወንድማችን በተኛበት ሞቶ ከተገኘ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተቀመጠች። አባታችን ለጎረቤት “ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች” ይል ነበር። እኔ የአሥራ ሦስት፣ እህቴ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርን፤ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

አንዱ ባልደረባዬ፣ “ይቺ ሴት ማን ትሆን?” ሲል ሰማሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እህቴን ጥግ አስይዤ፣ “ገበናችንን አደባባይ ላይ አሰጣሽው?” አልኳት።

“የኔም ገበና እኮ ነው።”

“እማዬ ብትሰማ ትሞታለች!”

“ጠርቻታለሁ። ነገ ትመጣለች።”

በማግስቱ እናታችንን ከበር ልመልሳት ቀድሜ ደረስኩ። ግን ማን ሊመልሳት! በምርኩዟ ገለል አድርጋኝ ገባች። ከሥዕል ወደ ሥዕል ቀስ እያለች ዞረች። እህቴ ጥፋት እንደሠራ ተማሪ እጇን አጣምራ ትከተላታለች።

“ሹራቤን አሳምረሽዋል” አለች እማዬ። “ፊቴን ግን ለምን አልሣልሽውም?”

“አላየሁትማ፣ እማዬ።”

“በሩ ጋ መጥተሽ ስትቆሚ ኮቴሽን እሰማ ነበር። ዛሬ ትገባለች፣ ነገ ትገባለች እያልኩ ስጠብቅሽ ከረምኩ። እኔማ መነሣት አቅቶኝ ነበር።”

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ።

የከለከልኳት እኔ ነኝ። “ገብተሽ ከረበሽሻት እማዬ ትሞታለች” ብያት ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ ቤቱ ጸጥ ካለ ሁሉም ነገር የሚድን መስሎኝ። ይህን እዚያው መናገር ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ሥዕሉ አዞርኩ። እህቴም አላጋለጠችኝም። “ፈርቼ ነው” አለች ብቻ።

እማዬ የመጨረሻው ሥዕል ፊት ቆመች። በዚያኛው ላይ፣ ከሴትዮዋ አጠገብ፣ ባዶ የሕፃን አልጋ አለ።

“ይቺን አውርጂልኝ” አለች። “ሌላውን ሰው ይየው። ይቺ የኔ ናት።”

እህቴ ሰው ሁሉ እያየ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው።

አውደ ርእዩ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ጋዜጦችም አወደሱት። እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካችም። ስደውልላት ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ባለፈው ሰሞን እንደምንም ደፍሬ፣ “ያኔ በሩ ጋ ያልኩሽን ነገር…” ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

“እታለም፣ አሁን ይቅርብሽ” አለችኝ። “ንዴቴ ገና አልበረደም።”