አራተኛው ቺፕ

ሦስተኛው ቺፕ የተቃጠለው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነው። ባትሪውን አገናኘሁ፣ ጣቴን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ፣ ወዲያው ለበለበኝ። ጭስ እንኳ አላወጣም፤ ዝም ብሎ ሞተ። በወርክሾፓችን ለአንድ ጠረጴዛ የሚሰጠው አራት ቺፕ ነው፤ አምስተኛ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ቀረን፤ ፈተናው ደግሞ ዓርብ ነው።

የምንሠራው ተአምር አይደለም። በርሜል ሲሞላ የሚጮህ ዕቃ ነው። ሁለት ሽቦ በርሜሉ አፍ ላይ ይንጠለጠላል፣ ውሃው ሲነካቸው ይጮሃል፣ የቤቱ ሰው ሮጦ ቧንቧውን ይዘጋል። በቃ። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ከማክሰኞ ጀምሮ ሲያስጮሁ ነው የዋሉት። አንዱ "ጢጥ" ባለ ቁጥር የእኔ አንጀት ያርራል።

መምህራችንን ከኋላቸው "ጋሽ አንዴ" እንላቸዋለን። ፈተናቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ጠረጴዛህ ድረስ ይመጡና ሽቦህን ውሃው ውስጥ ይነክራሉ፤ አንዴ ብቻ። ከጮኸ አለፍክ። ካልጮኸ "ቀጣይ!" ብለው ይሄዳሉ፣ አንተም ሰኞ ኤሌክትሮኒክስን ለቀህ እንጨት ሥራ ክፍል ትገባለህ። "ቲቸር፣ ትናንት ይሠራ ነበር" ማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ "ትናንት ደህና ነበር" እንደማለት ነው። ማንም አይከራከርህም፣ የሚጠቅምህም ነገር የለም።

ለሌላው ሰው እንጨት ሥራ አንድ ክፍል ነው። ለእኔ ግን አባቴ ነው። አባቴ አናጢ ነው፣ አያቴም አናጢ ነበር። ኤሌክትሮኒክስ ልማር ስለው ወር ሙሉ አኩርፎኝ ከርሞ፣ በመጨረሻ "እሺ፤ ከጣሉህ ግን መላጊያው የት እንዳለ ታውቃለህ" አለኝ። እኔ ደግሞ ገና የእንጨት ብናኝ ሳይ ያስነጥሰኛል።

የጠረጴዛ ጓደኛዬ ዝምተኛ ልጅ ናት። ክፍሉ በሙሉ "ቆይማ" ይላታል፤ አፏን በከፈተች ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ስለሆነ። "ቆይማ፣ እስቲ ይሄን እንለካው።" "ቆይማ፣ ሥዕሉን ደግመን እንየው።" እኔ ደግሞ መቆየት አይሆንልኝም። እናቴ "አንተ ስትወለድ እንኳ አዋላጇን አልጠበቅክም" ትለኛለች። እኔንና እሷን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው በሬና ፈረስ ነው የጠመደው።

ቦርዱን የሠራነው እንዲህ ነው። የኤሌክትሪኩ መንገድ በኮምፒውተር ይሳልና በሚያብለጨልጭ ወረቀት ይታተማል። ወረቀቱን በመዳቡ ላይ በግንባሩ ደፍተህ በልብስ ካውያ ስትተኩሰው ቀለሙ ወደ መዳቡ ይሻገራል። ከዚያ አሲድ ውስጥ ትነክረዋለህ፤ ቀለም ያልሸፈነው መዳብ ተበልቶ መንገዱ ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ ቀን ወረቀቱ አልላቀቅ ብሎን አንድ ሰዓት ሙሉ በጥፍራችን ስንፍቅ ቆየን። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባል የለ? ሁለቱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

ሥዕሉን ከመታተሙ በፊት በመስታወት እንደሚታይ አድርጌ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ካናቴራ ላይ ጽሑፍ የሚያትሙ ሰዎች እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ሲተኮስ ይቃናል። ይሄም ያው ነው ብዬ ሁለተኛ አላሰብኩበትም።

ስለዚህ ረቡዕ ሦስተኛው ቺፕ ሲሞት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ መበየድ የእሷ ሥራ ነው።

"ቆይማ" አለችኝ፣ "ማክሰኞም ነግሬህ ነበር፣ ቺፑ..."

"አልቆይም!" ክፍሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ነው የጮህኩት። "ሦስት ቺፕ ፈጀሽ እኮ! ብየዳሽ የበግ በጠጥ ነው የሚመስለው! ካልቻልሽ አልችልም አትይም?"

ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እሷ የመበየጃውን ጫፍ እንደ ሁልጊዜው እርጥብ ስፖንጅ ላይ ጠረገች፣ ከሶኬቱ ነቀለችው፣ ወጣች። እኔም ቦርዱን፣ የቀረውን ቺፕና የጋራ ደብተራችንን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በመጨረሻ ብቻዬን ልሠራው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ወርክሾፑ የሌላ ክፍል ተራ ስለሆነ ቤት ሠራሁ። በአባቴ ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጬ፣ ከወርክሾፑ በተዋስኩት መለኪያና መበየጃ የእሷን ብየዳ አንድ በአንድ ለካሁ። ጥፋት ሳገኝ ላሳያት ነበር። የመጀመሪያው ደህና ነው። ሁለተኛውም። ሠላሳ አንዱንም ለካኋቸው፤ አንድ እንኳ የላላ የለም። እልህ ያዘኝና አራቱን አፍርሼ ራሴ በየድኳቸው። የበግ በጠጥ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አየሁ።

"ዛሬም አልጮኸም?" አለ አባቴ፣ የሚልገውን ጣውላ ሳይተው።

"ይጮሃል።"

"እስካሁን የሰማሁት የአንተን ጩኸት ነው።"

"አባዬ፣ ተወኝ በናትህ!"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። አባቴ ምክር ሲሰጥ ቀና ብሎ አያይህም፣ ምስማር የሚያቀብልህ ይመስላል።

የሚሞከር ነገር ሲያልቅብኝ ሥዕሉን ልይ ብዬ ደብተሩን ገለጥኩ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፏ ተጽፏል። ሰኞ፦ "ሥዕሉ የተሳለው ቦርዱ ከላይ ሲታይ ነው። ሲተኮስ ራሱ ይገለበጣል። እኛ ደግሞ ገልብጠን ስላተምነው የቺፑ እግሮች ግራና ቀኝ ተለዋውጠዋል። ይቃጠላል። ልንገረው።" ማክሰኞ፦ "ነገርኩት። 'መብራቱን ያዢልኝ' አለኝ።" ረቡዕ ጠዋት፦ "ቦርዱን መጣል የለብንም። ቺፑን ከታች፣ በመዳቡ በኩል ብንበይደው እግሮቹ ይገጥማሉ። ዛሬ እንደምንም እነግረዋለሁ።"

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷው ነው። ምን አለ ብትጮህብኝ! ምን አለ ደብተሩን ፊቴ ላይ ብትወረውረው! ከዚያ ግን የምናደድበት ሰው አለቀብኝ፤ እኔው ብቻ ቀረሁ። ማክሰኞ መብራቱን ያዢልኝ ማለቴን እንኳ አላስታውስም።

አራተኛውን ቺፕ ከታች በየድኩት። ጣቴን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሽቦዎቹን ውሃ ውስጥ ስነክራቸው ዕቃው እሪ አለ፣ አባቴ መላጊያውን ጥሎ ዘለለ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስገባ ወንበሯ ባዶ ነው። "ትናንት እንጨት ሥራ ለመዛወር ፈርማለች፤ አልሰማህም?" አለኝ የጎናችን ልጅ። ጋሽ አንዴ ብርጭቋቸውን ይዘው መጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሮጬ ወጣሁ።

እንጨት ሥራ ከእኛ ቀጥሎ ነው፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ነው። ቆይማ የሥራ ካፖርት ለብሳ ጣውላ ትልጋለች።

"ሠራ እኮ!" አልኳት። "አንቺ እንዳልሽው አድርጌው ነው የሠራው። ደብተሩን አነበብኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ።"

"እሰይ" አለች፣ መላጊያውን ሳታቆም።

"ቲቸር ወረቀትሽን ገና ለቢሮ አልሰጡትም ይሆናል። ነይ በናትሽ።"

ያን ጊዜ ቀና አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "ስትሰድበኝ በሰው ሁሉ ፊት ነው፤ ይቅርታውን ግን በሹክሹክታ።"

ወደ ክፍሌ ስመለስ ጋሽ አንዴ ጠረጴዛችን ላይ ደርሰው ቦርዱን ገልብጠው ያያሉ።

"ይሄ ቺፕ ከታች ምን ይሠራል?"

አፌ ላይ የመጣው "ቦታ ለመቆጠብ ነው" የሚል ነበር። ያምር ነበር፣ ያምኑኝም ነበር። "ቲቸር፣ ሥዕሉን የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ ቀስ ብዬ።

"አልሰማሁህም።"

ሰምተውኛል። ክፍሉም ሰምቶኛል፣ ግን ረቡዕ ዕለት የጮህኩት በዚህ ድምፅ አልነበረም። ፊቴን ወደ ኮምፖርሳቶው አዞርኩ።

"ሦስቱንም ቺፕ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ!" አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። "ብየዳዋ ምንም አልነበረበትም! ሦስት ቀን ልትነግረኝ ስትሞክር አልሰማኋትም! መፍትሔውንም ያገኘችው እሷ ናት!"

ማንም አልሳቀም። ከግድግዳው ወዲያ የመላጊያው ድምፅ ቆመ።

ጋሽ አንዴ ሽቦዎቹን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ አንዴ። ዕቃው ጮኸ። "ሁለታችሁም አልፋችኋል" አሉና ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። "የእሷን ፊርማ እስከ ምሳ ሰዓት ይዤው እቆያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የቢሮው ነው።"

ይኸው ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ ቀረሁ፤ አባቴ የሚናገረው የለውም። ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ ቆምኩ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴዋ ይሰማ እንደሆነ አዳመጥኩ።

ከግድግዳው ወዲያ መላጊያው ሥራውን ቀጠለ።