የተዘለለው መስመር

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ማንም ብቻውን አይሠራም። አንዱ መመሪያውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። አንባቢው ስክሪኑን በጣቱ ጠቁሞ «ልክ!» ሳይል ወደ ቀጣዩ መስመር አይታለፍም። ሲያበቁ ስሕተት መኖር አለመኖሩን ቅጽ ላይ ሞልተው፣ ሁለቱም የስማቸውን ማኅተም ያሳርፉበታል።

ሚዙሆ ካናዳ ተምራ ሰሜን ጃፓን ወዳለችው ከተማዋ ስትመለስ ይህ ልማድ ያስቃት ነበር። ዛሬ አላሳቃትም። የሚያነቡላት አለቃዋ አቶ ሳዋጉቺ፣ በአገሩ አጠራር ሳዋጉቺ ሳን፣ ናቸው፤ አሥራ ስምንቱን ሰርቨር ሃያ ሁለት ዓመት በእጃቸው ሲያድሱ የኖሩ። ዛሬ የሚጫነው ሶፍትዌር ያንኑ ሥራ በራሱ ይሠራል። እሳቸው በሚያዝያ ወደ ቆጣሪ መጋዘን ይዛወራሉ።

«ካናዳም እንዲህ እየተጯጯኻችሁ ነው የተማራችሁት?»

«እዚያማ ዝም ብለን ነው የምናበላሸው።»

ሳዋጉቺ ሳቁ። «ፈጣን የሆናችሁት ለዚያ ነዋ!»

ሶፍትዌሩ የሚገባው ከዋናው ሲስተም ተነጥሎ ለብቻው በታጠረ ቦታ ነው። ከአጥሩ ውጭ ከተጫነ ሰርቨሩ የቆመባቸውን ፋይሎች ያበላሻል። ሰባተኛው መስመር አጥሩን ሠራ። ስምንተኛው ወደ ውስጥ ያስገባል። ሳዋጉቺ ግን ዘጠነኛውን፣ «ጫን» የሚለውን አነበቡ።

የሚዙሆ ጣት ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ሳዋጉቺ ሳን፣ ስምንተኛዋን ዘለሏት።»

«አውቃለሁ።»

«ጽፌው ቢሆንስ!»

«አንቺ? ዓይንሽ የጭልፊት ነው፣ አትጽፊውም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሕተቴን ቅጹ ላይ አስፍሪልኝ። ‹አያስፈልግም› ተብዬ ከምነሣ፣ ‹ተሳሳተ› ተብዬ ብነሣ ይሻለኛል።»

ስሕተት ያለበት ቅጽ ግን ሁለቱንም ሠራተኞች ያስጠይቃል። ሚዙሆ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ናት።

«ስምንተኛውን ያንብቡልኝ» አለች።

አነበቡ። ጻፈች። «ልክ» አሉ፤ ጣታቸው ግን ከጉልበታቸው አልተነሣም። እስከ መጨረሻው መስመር እንዲሁ ዘለቁ።

ሶፍትዌሩ አሥራ ስምንቱንም ሰርቨር በአራት ደቂቃ አድሶ ጨረሰ።

ሚዙሆ ቅጹን ሳበች። «ስሕተት» ከሚለው አጠገብ «የለም» ብላ ጻፈች። ለእሳቸው ስም ይሁን ለራሷ እንጀራ፣ እሷም አልለየችውም። ማኅተሟን አሳርፋ፣ ቀና ሳትል ገፋችላቸው።

«አመሰግናለሁ አልልሽም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

በዚያ መሥሪያ ቤት የበታች ማኅተም ወደ አለቃው ዘንበል ብሎ ያርፋል፣ እጅ እንደሚነሣ ሰው። ሳዋጉቺ ቀዩን ቀለም አስነክተው፣ የራሳቸውን ወደ እሷ አዘንብለው አተሙ።