የመስኮቱ ዳር አልጋ

የአስም ክፍሉ ባዶ ሆነ። ያውም በሴፕቴምበር። ዝናቡ ገብቶ፣ ትምህርት ተከፍቶ፣ ግማሹ የጉያቭ ከተማ ሰው ደረቱን እያፏጨ በሚመጣበት ወር አልጋዎቹ አንሶላቸው እንደተወጠረ ቀሩ።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሚስተር ሬድሄድ ደስታውን አልቻለውም። ግድግዳው ላይ የለጠፈውን የአስም ሕሙማን ቁጥር መስመር፣ ካቻምና ላይ፣ አምና ዝቅ፣ ዘንድሮ መሬት፣ በጣቱ እየተከተለ፣ "አየሽ ሲስተር ጆስሊን፣ የጤና ትምህርታችን ገባቸው!" አላት። "ወሩ እንዲህ ካለቀ ክፍሉን ቢሮ አደርገዋለሁ።"

ጆስሊን ዐይኗ የመስኮቱ ዳር አልጋ ላይ ነበር። የፈርዲ አልጋ። ዓሣ አጥማጁ ፈርዲ ሳይመጣ ዝናቡም ዝናብ አይባልም። በዚያ ላይ በየቀኑ በአፍ የሚማገው የመከላከያ ፓፍ፣ የእሱም የሌሎቹም፣ የሚወስደው ጠፍቶ መድኃኒት ቤት ተደርድሯል። ሰው ከአስም እንዲህ አይድንም። ሞቶ ይሆን እንዴ?

ፓፎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ ባሕሩ ወረደች።

ሟቹ ፈርዲ በእትዬ አልቢና መጠጥ ቤት በረንዳ ላይ፣ አፉ ላይ ጭምብል አጥልቆ፣ ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ ያጮኸዋል። የጭምብሉ ቱቦ የጀልባ ሞተር ልጅ የመሰለች፣ መድኃኒት ወደ እንፋሎት የምትለውጥ ትንሽ ማሽን ላይ ተሰክቷል። ሦስት ሰዎች ወረፋ ይጠብቃሉ። ከጎናቸው የዓሣ መጥበሻው ከሰል ይጨሳል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልጄ ናት ከብሩክሊን የላከችልኝ" አሉ እትዬ አልቢና። "እንፋሎቱ በነፃ ነው። የሩም አረቄው በዋጋው።"

"እኔ ጋ ለምን አትመጡም?"

ሁሉም ዶሚኖውን ማየት ጀመረ። ፈርዲ ጭምብሉን ገለጥ አደረገ።

"እውነቱን ልንገርሽ? ትጮኺያለሽ።"

"እኔ?!"

"ይኸው!"

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። "ደግሞ እናንተ ጋ ጨዋታ የለም" አለ አንዱ ከወረፋው። "ጣራ ማየት ብቻ!"

ጆስሊን ሳቋ መጣ። ዋጠችው። ፈርዲም ሲስቅ ደረቱ ሲያፏጭ ሰማችው። እንፋሎቱን እየማገ፣ አሁንም ያፏጫል።

"ዛሬ ስንተኛህ ነው?"

"ሁለተኛዬ።"

"አምስተኛው ነው፣ ውሸታም!" አሉ እትዬ አልቢና።

ጆስሊን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ፈርዲ፣ ይሄ ነገር የደረትህን በር ለጊዜው ይከፍትልሃል እንጂ ውስጥ ያለውን እሳት አያጠፋም። አንድ ቀን በሩም እምቢ ይላል። ያን ቀን መኪና እስኪገኝ አትቆይም።"



"ሳትጮኺ ስትናገሪ ደግሞ ታስፈሪያለሽ" አለ ፈርዲ።

"ተነስ።"

"ጨዋታውን እየመራሁ እኮ ነው!"

ጆስሊን ተነሳች። የከሰል ምድጃውን በእግሯ ገፍታ ነፋሱ ጭሱን ወደ ባሕር የሚወስድበት ጥግ ላይ አደረገችው። ፓፎቹን ለባለቤቶቻቸው አደለች፣ እያንዳንዳቸውን ፊቷ አስማገች። ባዶ ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ጫፍ ስር ከፍታ ያዘችና ዶሚኖውን በክንዷ ጠርጋ አስገባችው።

"ኧረ ዶሚኖዬን!" ጮኹ እትዬ አልቢና።

"መስኮቱ ዳር አልጋ ላይ ያገኙታል" አለች፣ የፈርዲን ክንድ ይዛ ዳገቱን ወጣች።