የአረንጓዴው ከፋይ ጀርባ

ሳፊያ ማንኛውንም ጨርቅ በእጇ ስትይዝ አስቀድማ የምታየው ጀርባውን ነበር። ልማዱን ያመጣችው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከሚገኙት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ስድስት ዓመት ሙሉ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ስትሠራ ነው። በመስመሩ ጫፍ ቆማ የተሰፋውን ሸሚዝ ትገለብጥና የዘለለ ስፌት፣ ያልታሰረ ክር ትፈልጋለች። አዲስ የሚገቡትን ልጃገረዶች «ፊቱንማ ገዢውም ያየዋል፤ እናንተ የተቀጠራችሁት ለጀርባው ነው» ትላቸው ነበር። የራሷን ሕመም ግን ፊቱን ብቻ አይታ ተቀበለችው።

ሕመሙ የጀመራት በጥቅምት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ምግብ አስጠላት፤ ከዚያ የበላችው ሁሉ አልረጋላት አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀሚሶቿ ከትከሻዋ ይንሸራተቱ ጀመር። ባሏ ጃዕፈር ከቡልቡላ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመላልስበትን አይሱዙ አቁሞ ሐኪም ቤት ወሰዳት። በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው አዩ፤ ናሙናም ወሰዱ። ውጤቱ የደረሰ ዕለት ወጣቱ ሐኪም እሷን ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ትቶ፣ «አቶ ጃዕፈር፣ አንድ ጊዜ» ብሎ ባሏን ብቻ ወደ ውስጥ ጠራው። ጃዕፈር ሲወጣ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ።

«ጨጓራ ነው» አላት። «የከረመ ጨጓራ ነው። መድኃኒትና ዕረፍት ብቻ ነው የሚያሻሽ።»

እሷም አልሐምዱሊላህ ብላ ተነሣች። አዳማ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው የት ይገኛል?

ሥራዋን ለቃ ፍራንኮ ሰፈር ካለው ቤቷ ዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ሲያፋጥጧት ከረሙ። በኋላ ግን ታናሽ እኅቷ ሑስና፣ ከምትሠራበት ልብስ ሰፊ ሱቅ አንድ ከረጢት ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «እጅሽ ሥራ እንዳይፈታ» አለቻት። ሳፊያ ቁርጥራጮቹን እንደ ቀለማቸው ለየች፤ አራት ማዕዘን አድርጋ ቆረጠች፤ የተማሪ ዩኒፎርሙን ከመጋረጃው፣ መጋረጃውን ከሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ጋር አጋጠመች። ከሥር ያረጀ ብርድ ልብስ ዘርግታ፣ ሁለቱን ንብርብር አንድ ላይ በጥቃቅን የእጅ ስፌት ታያይዝ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ሲነሣባት፣ «እስከዚያች ሰማያዊ ቁራጭ ልድረስ» ትላለች። ሰማያዊዋ ጋ ስትደርስ ደግሞ፣ «እስከ ነጠብጣቧ»። እንዲህ እያለች ብዙ ከሰዓት በኋላ አሳለፈች። መርፌው ገብቶ በወጣ ቁጥር ትንፋሿም አብሮት ይገባና ይወጣ ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ለጊዜው የሌላ ሰው ይመስላታል። በሕይወቷ እንደዚያ ጸጥ ያለ ልብ ኖሯት አያውቅም።

ከጎኗ የማይጠፉት ጎረቤቷ ቲቸር የሺዓለም ናቸው። አርባ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ የመካነ ኢየሱስ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን የሹራብ ሥራቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ።

«የኔ እናት ይህን ነገር ድሪቶ ነበር የምትለው» ይላሉ ብርድ ልብሱን በመነጽራቸው ሥር እያዩ። «የድሃ ልብስ። አንቺ ደግሞ ልጅሽን ልትድሪበት ነው!»

«ድሪቶ ነዋ፣ ቲቸር። ምን አፈርኩበት? የእርስዎ ሹራብ እንኳን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እጅጌ ነው።»

«የልጅ ልጄ እያደገ እኮ ነው የሚያስቸግረኝ! በለካሁት ቁጥር ይረዝማል።»

«እንግዲያው እጅጌውን ለልጁ ልጅ ያስቀምጡለት።»

ቲቸር እስኪያስላቸው ይሥቃሉ።

ድሪቶው የሀፍሳ ነበር። አንድያ ልጇ ሀፍሳ ላንጋኖ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ኒካሕዋም ለመጪው ዓመት ተቀጥሮ ነበር። በጥር ወር ግን ቀኑ በድንገት ወደ ሚያዝያ ተሳበ። የሙሽራው ቤተሰቦች ቸኮሉ አሏት። ሳፊያ ደስ አላት፤ መርፌዋንም አፈጠነች።

በመጋቢት አንድ ረቡዕ ጠዋት ሑስና እንደ ልማዷ ከረጢቱን ምንጣፉ ላይ ጥላ፣ አጥሚት ልትሠራ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሳፊያ ቁርጥራጩን ዘረገፈችው። ከቴትሮኑና ከፖሊስተሩ መካከል አንድ አረንጓዴ ከፋይ ወጣ፤ አራት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ። ለስላሳውን ጠጉር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ በከረጢቱ መጥቶ አያውቅም። ከዚያ እንደ ልማዷ ገለበጠችው።

ጀርባው ላይ የታጠፈው ጠርዝ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቶ ሄዶ ሄዶ፣ አንድ ስንዝር ያህል በሰማያዊ ክር ቀጥሏል።

ያን ስንዝር የሰፋችው ራሷ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለልጇ ሰርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ስትጨርስ፣ የዒድ ዋዜማ ሌሊት ነበርና ሱቆች ተዘግተው አረንጓዴው ክር አለቀባት። «ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል?» ብላ በሰማያዊ ጨረሰችው። ቀሚሱን በላስቲክ ሸፍና ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላው ነበር።

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ላስቲኩ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«ሑስና! ነይ እስኪ።»

«መጣሁ እታለም፤ አጥሚቱ እንዳይዝብኝ ነው።»

«ይያዝ።»

ሑስና ማማሰያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ሳፊያ ቁራጩን አነሣችላት።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከሱቅ ነዋ። የደንበኛ ይሆናል።»

«የደንበኛ። ደንበኛዋም አረንጓዴ ክር አልቆባት በሰማያዊ ጨርሳዋለች ማለት ነው።»

ከማማሰያው ላይ አጥሚቱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሑስና አላየችውም።

«አራት ጣት ነው የተቆረጠው» አለች ሳፊያ በዝግታ። «ከእኔ የምታጥሪው አራት ጣት ነው፣ ሑስና። ከልጅነታችን ጀምሮ ቀሚሴ ሲደርስሽ እኔ ነኝ የማሳጥርልሽ። ልብሴን ለምን ለካሽው?»

«ወላሂ እኔ አልጠየቅኩም» አለች ሑስና። «ሀፍሳ ናት። 'እሚ ባትኖር ልብሷ እንኳን ይኑር፤ አንቺ ለብሰሽው በእሷ ቦታ ቁሚልኝ' አለችኝ። ቁራጩን ጥዬው ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ጠርጎ ከረጢቱ ውስጥ ጨምሮት ነው።»

«የት ሄጄ ነው የማልኖረው?»

ሑስና በቆመችበት ዝቅ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ማማሰያውን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅስ ጀመር። ሳፊያ አላባበለቻትም። ጃዕፈር የመኪናውን ሰነድ ወደሚያኖርበት መሳቢያ ሄደች፤ ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር እሱ ራሱ የሚይዘውን፣ ለእሷ አንድም ቀን ያልሰጣትን ፖስታ አወጣች። ውስጡ ያለው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተሞነጫጨረ ነበር።

ያን ጊዜ ቲቸር የሹራብ ሥራቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ ሑስናን አይተው።

«ገና ነው፣ ቲቸር» አለች ሳፊያ። «ይቀመጡና ይህን ያንብቡልኝ።»

ቲቸር መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አያወጡም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሑስና ላኩ።

«እሷን አይዩ። እኔን እያዩ ያንብቡ።»

«የጨጓራ ካንሰር ይላል፣ ሳፊ» አሉ ቲቸር። አርባ ዓመት ክፍል የገዛው ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ነበር። «ይህኛው የኅዳር ነው። ገና አልተሰራጨም፤ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላት ተመክሯል ይላል።» ወረቀቱን አቀረቡት፤ መልሰው አራቁት። «ታካሚዋ ፈቃደኛ አልሆነችም።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምን፣ ልጄ? ለምን እምቢ አልሽ?»

ከወቀሳ ይልቅ ሐዘን ያለበት ጥያቄ ነበር፤ ሳፊያን የወጋትም ይኸው ነው። በዚያች ሰዓት ራሷን በወረቀት ላይ ቆማ አየች፦ ስሟን የያዘች፣ ዕድሜዋን የያዘች፣ እሷ በሌለችበት አፍ አውጥታ አልፈልግም ያለች ሌላ ሴት።

«እምቢ ማለቴን ገና ዛሬ ሰማሁት» አለች።

ጃዕፈር ለምሳ ሲገባ ወረቀቶቹ ምንጣፉ ላይ እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተደርድረው ጠበቁት። ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ።

«ሳፊ…»

«ለሐኪሙ ምን ብለህ ነገርከው?»

«እናቴን አስታውሺ» አለ። «በእግሯ ገብታ በቃሬዛ ወጣች። አንቺን ደግሞ ለዚያ ቢላ አሳልፌ ልስጥ? አልቻልኩም።»

«እናትህ የገባችው ፈቅዳ ነው። ራሷ ናት 'እሺ' ያለችው፤ ሰምቻታለሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ብነግርሽ በድንጋጤ ትሞችብኝ ነበር! አምስት ወር በሰላም ተቀመጥሽ። ስትሥቂ፣ ስትሰፊ ነበር። ያ ሁሉ ውሸት ነው?»

የተናገረው እውነት ነበረበት። ደስ ብሏት ነበር። ጸጥታዋ፣ ከሰማያዊዋ ወደ ነጠብጣቧ የተጓዘችበት ከሰዓት በኋላ ሁሉ የራሷ ነበር። አሁን ግን በዚያ ጸጥታ ዙሪያ ቆመው ሲያዩዋት ታዩዋት፤ በየሳምንቱ ከረጢት የምታመጣው እኅቷ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ «እንዴት ያምራል እሚ» የምትለው ልጇ፣ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ የሚለው ባሏ።

«እኔ የምሰፋው መዳኔን እየጠበቅሁ ነበር» አለችው። «እናንተ ደግሞ እኔን እያያችሁ ሌላ ነገር ትጠብቁ ነበር።»

«ለአንቺ ብለን ነው፣ ወላሂ!»

«በእኔ አፍ እምቢ አልክ፣ ጃዕፈር። ከዚህ በኋላ በአፌ ምን ብለህ እንደተናገርክ ሰው ሳልጠይቅ አላድርም።»

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ እንደ ወትሮው መጣ። ሳፊያ ድሪቶውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከመካከሉ ሁለት ረድፍ ፈታች፤ በቦታውም አረንጓዴውን ቁራጭ ገልብጣ ሰፋችው። ለስላሳው ወደ ውስጥ፣ ሰማያዊው ስንዝር ወደ ውጭ ሆነ። ሑስና ክር ልታስገባላት እጇን ብትዘረጋ መርፌውን አልሰጠቻትም።

በማግሥቱ ጠዋት ከቲቸር ጋር በባጃጅ ሐኪም ቤት ሄደች። ጃዕፈርና ሑስና በአይሱዙው ተከተሏቸው፤ ሀፍሳም ስልክ ደርሷት ከላንጋኖ ገስግሣ መጥታ ነበር። ሦስቱ በኮሪደሩ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ወጣቱ ሐኪም በሩን ከፍቶ፣ «አቶ ጃዕፈር፣ አንድ ጊዜ» አለ።

ጃዕፈር ሊነሣ ሲል ሳፊያ ቀደመችው።

«ታካሚዋ እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ቲቸር ደግሞ የሚጻፈውን ያነቡልኛል።»

ገብታ በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው።

ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ አየ። በኅዳር ቢሆን ተስፋ እንደነበረ፣ አሁን ግን ጉበቷ ጋ እንደደረሰና ቀዶ ጥገናው እንደማይጠቅም፣ የማያድን ነገር ግን ጊዜ ሊጨምር የሚችል መድኃኒት እንዳለ ነገራት። ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ምናልባት ክረምቱ እስኪወጣ» አለ። ከዚያም ጠረጴዛውን እያየ፣ «ባለቤትዎ 'አልፈለገችም' ሲሉኝ እርስዎን ጠርቼ መጠየቅ ነበረብኝ» አላት።

«ነበረብዎት» አለች። «አሁን ይጻፉ። መድኃኒቱን እፈልጋለሁ። ከእኔ አፍ እንደሰሙም ይጻፉበት።»

ጻፈ። ቲቸር አነበቡላት። ሳፊያ ከሥሩ ስሟን ሙሉ አድርጋ ፈረመች፤ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነበር። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሩ ሲከፈት ሦስቱም አንድ ላይ ተነሡ። ሀፍሳ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ነበር። ጃዕፈር ሁለት እርምጃ ተጠጋ።

«ምን አለሽ?» አላት። «ሳፊ፣ ንገሪን እንጂ! ምን አለሽ?»

ሳፊያ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ባሏን፣ እኅቷን፣ ልጇን።

«ጨጓራ ነው» አለች። «የከረመ ጨጓራ ነው። መድኃኒትና ዕረፍት ብቻ ነው የሚያሻኝ።»

የቲቸርን ክንድ ይዛ ባጃጆቹ ወደቆሙበት ወጣች።