የባሕር ሣር በሳፋ

ባሌ ነጋሽ ሰው ፊት ሲያስነጥስ እንኳ ቃለ ጉባኤ የሚያዝለት ይመስለዋል። ቤት ሲገባ ግን ጫማውን አውልቆ ከአጠገቤ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ከእኔ ጋር ዓሦቻችንን ያያል።

ዓሦቹ የጨው ውሃ ዓሦች ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ጥለት የለበሱ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ። አሰበ ተፈሪ ላይ ባሕር ከየት መጣ እንዳትሉኝ፤ ባሕሩን የምታመጣልን ጣሂራ ነበረች። ጣሂራ ከሚኤሶ በባቡር ጫት ወደ ጂቡቲ የምታወርድ ወዳጄ ናት፤ ስትመለስ ጄሪካኗን ከባሕሩ ሞልታ ትመጣለች። ፈታሾቹ ዘይት መስሏቸው ቀምሰው እንደተፉት ስታወራልን ነጋሽ ዕንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር።

መጀመሪያ ያመጣቻቸው ዓሦች ሞቱብን። የሚበሉትም የሚጥሉትም እዚያው መስተዋት ሣጥናቸው ውስጥ ስለሆነ ውሃው መርዝ ሆነባቸው፤ ባሕሩ ደግሞ ሩቅ ነው፣ እንደ ምንጭ ውሃ በየጊዜው አይቀየርም። መላውን ያገኘው ነጋሽ ነው፤ እውነቱን ልናገር። የባዮሎጂ አስተማሪ አይደል፣ አነበበና ጣሂራን ከሌሎች ዓሦች ጋር የባሕር ሣር አስመጣት። እሱ አልጌ ይለዋል። ሣሩን መስኮት ሥር፣ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አኖርነው። የመስተዋቱ ውሃ በጎማ ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ሳፋው ይወርዳል፤ ሣሩ ፀሐይ እየሞቀ የዓሦቹን ቆሻሻ እንደ ፍግ እየበላ ይፋፋል፤ እኔ ደግሞ የጠራውን ውሃ በጆግ እየቀዳሁ ወደ ላይ እመልሳለሁ። ሣሩ ሲበዛ እየነጨሁ እጥላለሁ፤ ቆሻሻው አብሮት ከቤት ወጣ ማለት ነው።

«ዘርፌ፣ እነዚህን ዓሦች የምታኖሪያቸው አንቺ ነሽ» ይለኝ ነበር። «ይህ ሣር ከሌለ ሳምንት አይቆዩም።»

እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ጎረቤት መስተዋቱ ፊት ተጎልተን ሲያየን «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» እያለ ይቀልድብናል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ዓሦቹን ከዚህ ቤት እንዳያወጣቸው ቃል አስገብቼዋለሁ።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ ነጋሽ ስብሰባ አበዛ። ለፓርቲ አባልነት ታጭቷል ይባላል። ሂርና ያለችውን እህቴን ጠይቄ ስመለስ ሳሎኑ ባዶ ነው። መስተዋቱም ዓሦቹም የሉም። ሳፋው ታጥቦ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሣሩ አጥር ሥር ቦይ ውስጥ ተደፍቶ ዝንብ ወሮታል።

«የበዓሉ አዳራሽ ተወስደዋል፤ ሕዝብ ይያቸው» አለኝ፣ ፀጉሩን እያበጠረ።

«ሣሩስ?»

«አረንጓዴ ዝቃጭ በሳፋ ተሸክሜ እንግዳ ፊት ልቅረብ?»

«ያለ ሣሩ እንደሚሞቱ ታውቃለህ።»

«እስከ በዓሉ ይቆያሉ።»

ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሳያውቅ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ከቦዩ ያልጠወለገውን ለቅሜ፣ ጄሪካን ውስጥ በተረፈው የባሕር ውሃ አጥቤ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩና ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። ዘበኛው በሩ ላይ አቆመኝ። የጓድ ነጋሽ ሚስት ብትመጣ እንዳትገባ ተብሎ ታዟል። ያዘዘው ማን እንደሆነ ስጠይቀው አዘነልኝ መሰለኝ፣ መሬት መሬት አየ።

ዓሦቹ በበዓሉ ዋዜማ ሞቱ። ከላይ የመጡት እንግዶች ሲገቡ ሆዳቸው ወደ ላይ ተገልብጦ ተንሳፍፈው ነበር። ወሬውን ያመጣችልኝ ጣሂራ ናት።

«ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ በገዛ ቤቴ። «አቦ ዘርፌ፣ ባልሽ የገደለቻቸው ሚስቴ ናት አለ። ዓሦቹ ተወሰዱብኝ ብላ ተናዳ ውሃው ላይ በረኪና ደፋችበት አለ። ጠርሙስ ይዛ ስትመጣ ዘበኛውም አይቷታል አለ። አሻጥር ነው እየተባለ ነው። ወላሂ፣ ከአፉ የሰማ ሰው ነው የነገረኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።»

በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ተጠርቶ ሄዶ ላይመለስ ይችላል። ነጋሽ ይህንንም ያውቃል። ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል እሰማለሁ፤ ነፋሱ እኔን ጠርጎ ይወስደኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ደግሞም አላመንኳትም። ፈርቶ አንድ ነገር ቢል እንኳ እኔ ፊት አይደግመውም ብዬ ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ጠሩኝ። ጠርሙሱን ነጠላዬ ሥር ይዤ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ መኮንን ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ነጋሽ ከጎኑ። ጠርሙሱን አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መርዝ የተባለው ይህ ነው። የዓሦቹን ቆሻሻ እየበላ የሚያኖራቸው ሣር ነው። እኔን ባያምኑኝ አስተማሪው እዚሁ አለ፤ እሱ ይንገርዎት።»

መኮንን ወደ ነጋሽ ዞረ። ነጋሽ ጠርሙሱን አየው። አሁን ይናገራል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም እንዴት እንደሚያስረዳ፣ ከየትኛው ቃል እንደሚጀምር አውቀዋለሁ።

«አላውቀውም» አለ። «ከየት እንዳመጣችው እሷ ትናገር።»

ሣሩ ምን እንደሚሠራ ከእኛ ሌላ የምታውቅ ጣሂራ ብቻ ነበረች። ስሟን ከጠራሁ ጫቷንም ጄሪካኗንም ሊፈትሹ ነው። ነጋሽ ይህን አስቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስሟን ዋጥኩት።

«ጥፋቱ ከባድ ነው፤ በበዓላችን ላይ የተሠራ አሻጥር ነው» አለ መኮንን። «ቢሆንም ስለ ባልሽ ስንል ለዛሬ ምረንሻል።»

ነጋሽ ብድግ ብሎ አመሰገነ። ላቡን ጠረገና ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«የትኛው ባሌ?» አልኩ።

መኮንን ያሾፍኩበት መስሎት ፊቱን አጠቆረ። እኔ የጠየቅኩት ከምሬ ነበር።