እስከ እሑድ የማይነቀል

«ይሄን ልንቀለው?» አሉ ለቅሶውን የሚያስተናብሩት ጋሽ ተሻገር። በአንድ እጃቸው ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ትልቅ የሻይ ማፍያ ገመድ ይዘዋል፤ በሌላው ከኖላዊ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ጥቁር ኮምፒውተር ያሳያሉ። «የኩሽናው ሶኬት ከማይክሮዌቩ ጋር አልችል አለ። ይሄኛውም ሁለቱን አይሸከምም። ሰዉ ደግሞ ሻይ እየጠበቀ ነው።»

ሰርካዲስ በሩ ላይ ቆማ ኮምፒውተሩን አየችው። ባሏ ኖላዊ ከተቀበረ ወዲህ ማንም አልነካውም። የማራገቢያው ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ይንቀሉት ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላዋ ሌላ ድምፅ ቀደማት።

«ፕሊስ፣ እንዳይነቀል።»

ኤዶም ነበረች። ከኖላዊ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ትሠራ ነበር። እዚሁ ዳላስ ያደገች ልጅ ናት፤ ለቅሶው ከተጀመረ ጀምሮ ከአዲሰን እዚህ ግራንድ ፕሬሪ ድረስ በየቀኑ እየነዳች ትመጣለች። ዓይኗ አባብጧል። የሰርካዲስ ዓይን አላበጠም።

ጠዋት የኖላዊ እኅት ስርጉት ወደ ጆሮዋ ተጠግታ፣ «ያቺ ልጅ ማናት? እንዲህ የምታነባው ሚስቱ ናት እንዴ?» ብላት ነበር።

«የሥራ ባልደረባው ናት።»

«ይሁን» አለች ስርጉት። ይሁን ያለችበት አነጋገር ቀኑን ሙሉ ከሰርካዲስ ጋር ዋለ።

ኖላዊ ከቤት ነበር የሚሠራው። እሷ ከፋርማሲው ሥራዋ ስትመለስ ሳቁ ከዚህ ክፍል ይቀበላታል። ራት ላይ ብዙ የማይናገር ሰው እዚህ ሲሆን ወሬኛ ነበር። «ሄዷል ብለሽ ነው፣ ኤዶም? የት ሄዶ፤ አሁንም እየጻፉበት ነው» ይልና ይስቃል። አንድ ምሽት፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?» ብላ ጠየቀችው። «ተይው፣ ረጅም ነው። ሌላ ጊዜ አስረዳሻለሁ» አላት። ኬሚስትሪ ተምራ የተመረቀች ሴት ናት፤ ረጅም ነገር ይገባታል። ሌላ ጊዜው ግን አልመጣም።

ሌላም ቀን ሻይ ይዛለት ስትገባ የጆሮ ማዳመጫው በቀኝ በኩል፣ በበሩ በኩል፣ ተንሸራቶ አየች። ቀስ ብላ ጆሮው ላይ መለሰችለት። ዞር ሳይል በአውራ ጣቱ ገፍቶ አወረደው። እጇን የገፋት መሰላት። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሻይ ወስዳለት አታውቅም። እሱም ለምን ቀረ ብሎ አልጠየቀም።

«ምን እየሠራ ነው?» አለች አሁን፣ ወደ ኤዶም ሳትዞር።

«ላሳይዎት… ማለቴ፣ ላሳይሽ።» ኤዶም ገብታ የኖላዊ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ሶ፣ ትልልቅ ሰርቨሮች አሉ፣ መጥፋት የሌለባቸው። እየሠሩ እያለ አንዱን ፕሮሰሰር ታወጪዋለሽ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ሜሞሪ ነበረው፤ ሲወጣ ያ ሜሞሪ ለሌላ ሥራ ይሰጣል። ግን መውጣቱን ያልሰማ ኮድ አለ። አሁንም በድሮው አድራሻ ይጽፋል።»

«ቢጽፍስ?»

«ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። አንድ ቀን ሲስተሙ በሙሉ ይወድቃል፣ ምክንያቱንም ማንም አያውቅም።»

ስትናገር መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትከፍታለች። የኖላዊ እጅ ነበር፤ ነገር ሲያስረዳ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሰርካዲስ ዓይኗን ከዚያ እጅ መንቀል አቃታት። ለእሷ ‹ሌላ ጊዜ› የተባለውን ይህች ልጅ ሁሉንም ሰምታዋለች።

«እሱ ምን አደረገ?»

«ሜሞሪውን የያዘው ሁሉ እስኪለቅ ድረስ እንዲጠበቅ አደረገ። የመጨረሻው ሲለቅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ይሄ ማሽን አሁን ለሙከራ ፕሮሰሰር ያወጣል፣ ይመልሳል፣ ያወጣል። እስከ እሑድ ካልወደቀ እሱ የጻፈው ኮድ ሥራ ላይ እንዲውል ይላካል፣ በስሙ። አሁን ከጠፋ ግን ከዜሮ ይጀምራል፤ ሰኞ ደግሞ ኩባንያው ማሽኑን ይወስደዋል።» ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «እየመጣሁ እዚህ ቁጭ ብዬ ልየው። ፕሊስ።»

በእሱ ወንበር ላይ፤ በእሷ ቤት።

«ስታወሩ ሁልጊዜ ትስቁ ነበር» አለች ሰርካዲስ። ልትናገረው ያሰበችው አልነበረም።

«እሱ ነው የሚስቀው፤ እኔ እናደድ ነበር። በአንድ ጆሮ ነዋ የሚሰማኝ፤ ሁሉን ነገር እደግምለታለሁ። ‹ሁለቱንም ሸፍን› ስለው፣ ‹ሰርካዲስ ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ካልሰማኋት ሥራ አይገፋልኝም› ይላል።» ኤዶም አፍንጫዋን ጠረገች። «ትንሽ ቀንቼብሽ ነበር።»

ሰርካዲስ የበሩን መቃን ያዘች። ይህንንም መስማቷ ከዚህች ልጅ አፍ መሆኑ አንገበገባት።

«እህስ፣ ሰርካዲስዬ? ልንቀል ወይስ ልተወው?» አሉ ጋሽ ተሻገር፣ ገመዱን እንደያዙ።

«አይነቀልም። ሻዩ በትንሿ ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ ይፈላ።»

«ለዚህ ሁሉ ሰው?»

«ተራውን ይጠብቃል።»

«ለቅሶ ቤት ለሻይ ሲያሰልፍ ዛሬ አየሁ» እያሉ ማፍያውን አቅፈው ወጡ።

ሰርካዲስ ወደ ኤዶም ዞረች። «አንቺ ለዚህ ብለሽ መመላለስ የለብሽም። ሲወድቅ ምን እንደሚመስል አሳዪኝ። የምጠብቀው እኔ ነኝ። እሑድ እደውልልሻለሁ።»

ኤዶም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን መስመሮች አሳየቻት፤ ወደ ላይ መሄዳቸውን እስካላቆሙ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥታ ወደ ለቀስተኞቹ ሄደች።

ሰርካዲስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የጆሮ ማዳመጫው ስክሪኑ ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል። አንሥታ ሁለቱንም ጆሮዋን ሸፈነችበት፤ ቤቱ ጭር አለ። መስመሮቹ ይወጣሉ። ትንሽ ቆይታ የቀኙን በአውራ ጣቷ ገፍታ አወረደችው። ከሳሎን የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ የብርጭቆ ድምፅ መጣ። እንደዚያው አድርጋ ቁጭ አለች።